ለእማ ጆሮ የሠራነው ማጉያ

ቢስሚላህ።

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለፋርቱን፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ባልዲ ስታነሺ ይመለስብሻል? ባለቤትሽ ዒልሚስ ደህና ነው? ወደቡ ላይ ያለው ሥራ ቀለል አለለት? ሃሺ ጥርስ አበቀለ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ አሁን መቼም ቤቱን በእግሩ ሳያተራምስ አይቀርም። አማትሽ እናታችን ዳሃቦስ እንዴት ናቸው? በባቡር የመጡ ሰዎች ጅቡቲ ገና ከአሁኑ እንደ ምድጃ ነዳለች አሉን። እናንተም ጣራ ላይ መተኛት ጀምራችሁ ይሆናል ብለን እማና እኔ ስናወራ ነበር። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። እማ ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ልብሽ እንዳይሰቀል ነው። ትበላለች፣ ትሰግዳለች፣ ዛሬ ጠዋትም ግቢውን ራሷ ውሃ ረጭታ ጠርጋዋለች።

እህቴ፣ ደብዳቤውን የሚያደርሰውን ሰው በዒልሚ እጅ ካልሆነ እንዳይሰጥ አደራ ብዬዋለሁ። እንግዲህ ይህን የምታነቢው ዒልሚ አጠገብሽ ሆኖ ነው። በየደብዳቤሽ መጨረሻ «በድሩ ጻፈላችሁ ወይ?» ትያለሽ። ወንድማችን በድሩ አይጽፍም። ላይመለስ ሄዷል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከእማ በፊት አንቺ ብትሰሚው ልክ አይሆንም ብዬ ዝም አልኩ፤ እማ ደግሞ የሰማችው ባለፈው ወር ነው። እንዴት እንደሰማች ልንገርሽ። አልቅሺና፣ ሲወጣልሽ ቀሪውን አንብቢው።

ቀመርን አትረሽውም፤ ከመስጊዱ ጀርባ ያለው የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ከበድሩ ጋር በአንድ መኪና ወደ ሰሜን የዘመተው። ባለፈው ክረምት በክራንች ተመለሰ። አንድ እግሩ እዚያው ቀርቷል። እናቱን ሰላም ብሎ ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ መጣና በሩን ዝጋው አለኝ። ከበድሩ ጋር በአንድ ምሽግ ነበሩ። ሲመታ አጠገቡ የነበረው፣ የቀበረውም እሱ ነው። ከመንግሥት በኩል የመጣ ወረቀት የለም፤ እስከ ዛሬም አልመጣም። የቀመር ቃል ብቻ ነው ያለን፣ ቀመር ደግሞ የሚዋሽ ሰው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

ለሼህ ኑርቶ ነገርኳቸው፤ ሽማግሌዎች ይዘው በማለዳ መጡ፣ ለእማ ሊያረዱ። የእማን ጆሮ ነገር ታውቂዋለሽ። በሶማሌው ጦርነት ጊዜ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያ ፈንጂ ከወደቀ ወዲህ እየከዳት ሄዶ፣ አንቺ ስትዳሪ በግማሽ ነበር የምትሰማው። አሁን ብሶባታል። ሼህ ኑርቶ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ እንደ ወጉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። «ምን አላችሁ?» አለች። ከፍ አደረጉ። «አልሰማሁም» አለች። ሼህ ሊጮሁ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና መልሰው ተዉት። የልጅን ሞት በእናቱ ጆሮ እንዴት ተደርጎ ይጮሃል? ጎረቤቱ ሁሉ በር ላይ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ውሃ ጠጡ፣ ዱዓ አድርገው ወጡ። እማ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች «ምን ፈልገው ነው የመጡት? የአጥሩ ጉዳይ ነው?» አለችኝ።

በእውነት አልሰማችም ወይስ መስማት አልፈለገችም፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እኔም ልነግራት ስሞክር «ኋላ ትነግረኛለህ፣ ዛሬ ጆሮዬ ይጮህብኛል» ትለኝ ነበር። የበድሩን ፍራሽ በየሳምንቱ አውጥታ ፀሐይ ታስመታዋለች። ሸሚዞቹን ታጥባለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እሷ ብቻ ሳታውቅ፣ ሴቶቹ ሊያጽናኗትም ፈርተው፣ እንደተለመደው ስለ ቀፊራ ገበያ የሽንኩርት ዋጋ እያወሩላት ይወጡ ነበር።

ጥቅምት ገደማ ሱቅ ድረስ መጣች። እንደምታውቂው ሱቄን ረግጣ አታውቅም፤ ከሽቦው መሃል እሞታለሁ ትላለች። በእጇ የአንቺን ሰርግ ካሴት ይዛለች። «በድሩ እዚህ ውስጥ አለ አይደል? አሰማኝ» አለች። በትንሿ ቴፕ ከፈትኩላት። ጆሮዋ ላይ ለጠፈቻትና «ዝንብ ነው የምሰማው» አለች። ትልቁ ቴፓችን ካሴቱን ያዞራል እንጂ የማጉያው ክፍል ተቃጥሏል። መለዋወጫው በዚህ ጊዜ አይገኝም፤ ከእናንተ በኩል የሚመጣውም ዕቃ ኬላ ላይ ይቀራል። ያለኝ የአባባ ትልቁ ሬዲዮ ብቻ ነበር፣ ያ እንጨቱ በምስጥ የተበላው። ውስጡ ያሉት የመስታወት ቫልቮች፣ እነዚያ እንደ አምፖል የሚግሉት፣ አሁንም ይሠራሉ። ከእነሱ ማጉያ ልሠራላት ቆረጥኩ።

እዚህ ላይ ጋሽ ወልደ ማርያምን ላስተዋውቅሽ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ነው ያወቅኳቸው። ከዚራ ነው የሚኖሩት፤ ምድር ባቡር በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ኖረው በጡረታ ወጥተዋል። አንድ ቀን ሬዲዮናቸውን ሊያሠሩ መጥተው ወንበር ሳብ አድርገው ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ያቺ ወንበር የእሳቸው ናት። የእማን ነገር ስነግራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ቀጥለው ጠመኔ አንስተው ጠረጴዛዬ ላይ መሣል ጀመሩ።

ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው፣ መጨረሻ ላይ ድምፁን የሚያወጣው ቫልቭ አንድ ብቻ የሆነበት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የአባባ ሬዲዮ ትራንስፎርመርም ልኩ ነው፤ ጉልበቱ ግን ትንሽ ነው፣ አንድ ክፍል ቤት ይሞላል ቢባል ነው። ሁለተኛው ሁለት ቫልቮች ተጋግዘው፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ የሚሠሩበት ነው። ይሄኛው ድምፁ ሰፈር ያናጋል፤ ነገር ግን ሁለቱ ቫልቮች እኩል መሆን አለባቸው፣ መሃሉ ላይ ሦስተኛ ጫፍ ያለው ልዩ ትራንስፎርመርም ይፈልጋል። ያ ትራንስፎርመር ድሬዳዋ ውስጥ የለም። እኔ የመጀመሪያውን መረጥኩ። ጋሽ ወልደ ማርያም ግን «ሴትዮዋ አይሰሙም እያልከኝ፣ ደካማውን ነው የምትሠራላቸው? እሳቸውን የሚያስፈልጋቸው ጉልበት ነው» አሉ። ትራንስፎርመሩስ ብላቸው፣ «እኔ እጠመጥመዋለሁ» አሉ።

ነገሩ እውነት መሰለኝ። ጆሮ ሲደክም ድምፅ ይጨመራል፤ ሌላ ምን ይደረጋል? ቀፊራ ብረታ ብረት የሚሸጡት ዘንድ ሄጄ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ አመጣሁ። ጋሽ ወልደ ማርያም ቤታቸው ጥላው ስር ተቀምጠው፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርበው፣ በእጃቸው ይጠመጥሙት ጀመር። ዙሩን በልባቸው ስለሚቆጥሩ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው በአጥር ላይ ሆኖ እንዴት ዋሉ ብሎ ቁጥሩን አስጠፋቸው፤ ሽቦውን በሙሉ ፈትተው እንደገና ጀመሩ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለማርያም «ይሄን ያህል ለእኔ ብትደክም ኖሮ» እያሉ ይስቁባቸዋል። ቫልቮቹ ግን እኩል አልነበሩም። ሁለተኛውን ከሌላ አሮጌ ሬዲዮ ነው ያወጣሁት፣ አርጅቷል። ይሠራል ብለን ገባንበት።

አንድ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ተከልን። ትልቅ ስፒከር ከሰርግ ሙዚቃ አከራይ ተዋስኩ። እትዬ አስካለማርያምም አብረው መጡ። ቫልቮቹ ቀስ እያሉ ቀሉ። እማ አዲስ ሽርጥ አሸርጣ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሆና ቆማለች። ካሴቱን ለቀቅኩት። ፋርቱን፣ ያ የሰርግሽ ከበሮ እንደ ነጎድጓድ ወጣ። እልልታው ተቀጣጠለ፣ የጎረቤት ፍየሎች በረገጉ፣ ሰዎች ከየበራቸው ወጡ። ከዚያ የበድሩ ድምፅ መጣ፣ ሻካራ፣ የተቀደደ፣ ግቢውን የሞላ። አጥሩ ማዶ ያሉት ሴቶች ድምፁን ለይተው ማልቀስ ጀመሩ። እማ ግን ሁለት እጆቿን ጆሮዎቿ ላይ ጫነች። «አጥፉት» አለች።

አጠፋሁት። «ይሄ ማነው የሚጮኸው?» አለችኝ። በድሩ ነው አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ጩኸቱን ሰምቻለሁ፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም። በድሩ ደግሞ ጮሆ አያውቅም» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ጋሽ ወልደ ማርያም የትራንስፎርመሩን ሙቀት በእጃቸው እየዳሰሱ ቀና ሳይሉ ቀሩ። እኔ ሽቦውን ጠቀለልኩ። ለእናቴ የልጇን ድምፅ አመጣለሁ ብዬ ያመጣሁት ሌላ ፈንጂ ሆነ አልኩ በልቤ።

እማን ሊያጽናኑ የገቡት እትዬ አስካለማርያም ናቸው። ከውጭ ሆኜ በመስኮት አያቸዋለሁ። አጠገቧ ተቀመጡ፣ እጇን ያዙ፣ ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። እማ መለሰችላቸው። እንደገና ተናገሩ፤ እንደገና መለሰች። ድምፃቸው እኔ ጋ እንኳ አልደረሰም። እትዬ ሲወጡ ምን አድርገው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ምንም። ሰው ሁሉ ይጮህባቸዋል። እኔ አልጮህም፣ ቃሉን አንድ በአንድ ነው የምሰጣቸው። ድምፅማ ይሰማሉ እኮ፣ የጠፋባቸው ቃሉ ነው» አሉኝ።

ጋሽ ወልደ ማርያምና እኔ ተያየን። ነገሩ ያኔ ገባን። ከእማ ጆሮ የጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ‹ስ›ን ከ‹ሽ›፣ ‹ት›ን ከ‹ፍ› የምንለይበት። ወፍራሙን ትሰማዋለች፣ እንዲያውም ሲበዛ ያማታል። እኛ ደግሞ ጉልበት ስንጨምር ከበሮውን ነው ያሳበጥነው፤ ከበሮው ቃሉን ዋጠው። እኩል ያልሆኑት ቫልቮችም የቀረውን አሻከሩት። ለእማ የሚሆናት አንዱ ቫልቭ ነው፤ መሃል ላይ ያለውን ድምፅ የሚያጣራ ኮንደንሰር በትንሽ ቀይሮ ወፍራሙን ድምፅ ማስቀረት፣ ስፒከሩንም ትንሽ አድርጎ ከትከሻዋ አጠገብ ማኖር። ይህን ለመናገር አፌ እንቢ አለኝ። ያን ትራንስፎርመር ሲጠመጥሙ ዓይናቸው እንባ እያወጣ ነበርና። እሳቸው ራሳቸው መፍቻ አንስተው ብሎኖቹን መፍታት ጀመሩ። «መጀመሪያ ጆሯቸውን መጠየቅ ነበረብን» አሉ።

ባለ አንድ ቫልቩን ሠርቶ መጨረስ ወራት ፈጀ። ከኤሌክትሪኩ የሚመጣ እምም የሚል ድምፅ አለ፤ እሱን ዝም ለማሰኘት ተቸገርን፤ በመጨረሻ ጋሽ ወልደ ማርያም ከባቡር ክፍል ጓደኛቸው አንድ ትልቅ ኮንደንሰር ለምነው አመጡና ዝም አለ። በዚህኛው ጊዜ ግቢ ውስጥ አልተከልንም። የእማ ክፍል ውስጥ፣ በከሰዓት፣ ሦስታችን ብቻ ሆነን ነው። እማ በፊተኛው ስለተጎዳች አልቀመጥም ብላ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ስፒከሩን መደርደሪያው ላይ በጆሮዋ ልክ አኖርኩት። ከበሮው ከሩቅ ሰፈር እንደሚመጣ ሆኖ ተሰማ። ቀጥሎ በድሩ።

ምን እንደሚል ረስተሽው ይሆናል። ሰርግሽ ላይ ቴፑን ተሸክሞ ሲዞር ነበር፤ ሰውን እየቀዳ፣ እየቀለደ። እማን ጓዳ በር ላይ ያገኛታል። በኦሮምኛችን፣ በዚያ በለስላሳ ድምፁ፣ «እማ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ዋልሽ። ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ። እንግዳውን እኔ አስተናግዳለሁ» ይላታል።

እማ «እሺ» አለች። ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ ነው የመለሰችለት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። መልሰው አለችኝ፤ መለስኩት። እንደገና ሰማችው። ከዚያ እጇን አንስታ እንዳጠፋው ምልክት ሰጠችኝ። ጋሽ ወልደ ማርያም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ስትናገር ድምፅዋ ረጋ ብሎ ነበር። «ቀመርን ጥራልኝ። ሳይጮህ፣ ቀስ ብሎ ይንገረኝ» አለች።

ቀመር ክራንቹን በር ላይ ትቶ ገባ። ፊቷ ተቀምጦ እጇን ያዘና ቃሉን አንድ በአንድ ሰጣት፤ ዓይኗ ከከንፈሩ አልተነቀለም። ሲጨርስ «ውሃ ጠጥቶ ነበር?» አለችው። «አዎ፣ ከእኔ ኮዳ» አላት። «ማን ሸፈነው?» «እኔ፣ በራሴ ብርድ ልብስ።» «ወደ ቂብላስ?» «ወደ ቂብላ አዙሬዋለሁ እማ፣ አቅጣጫውን በፀሐይ ለይቼ።» የቀመርን ራስ ወደ ራሷ ስባ ሳመችው። «ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻህን ይዘኸው ኖርክ?» አለችው። ያኔ ቀመር አለቀሰ። እማም አለቀሰች። እኔ እናቴ ስታለቅስ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ግን ያን ቀን ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ተነሳ፣ በምትኩም ሐዘኑ ራሱ ገባ።

ለቅሶው፣ ተዕዚያው፣ እንደ ወጉ ተደረገ። ሰፈሩ ሁሉ ሊያለቅስ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል መጣ። ከሳቢያን፣ ከከዚራ፣ ከመገላ፣ ያላሰብናቸው ሰዎች ሁሉ መጡ። ሼህ ኑርቶ ቁርኣን አስነበቡ። ጋሽ ወልደ ማርያም በየቀኑ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ምንጣፍ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው እንደማይታጠፍ አውቃለሁ። እትዬ አስካለማርያም ከእማ ጎን አልተለዩም። እማ የበድሩን ፍራሽ ለቀመር ሰጠችው። ሸሚዞቹን አልሰጠችም። ካሴቱ ሳጥኗ ውስጥ ነው። ማጉያውንም አንድ ጊዜ እንኳ ክፈትልኝ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ካሴቱን ገልብጬ ልልክልሽ አስቤ ነበር። እማ «አሁን አይሆንም፤ መጀመሪያ ታልቅስ፣ ልቧ ሲረጋ ትልክላታለህ» አለች። ስለ መምጣት ደግሞ እንዳታስቢ ብላሻለች። የይለፍ ወረቀቱ እንዴት እንደሚያንገላታ ታውቃለች፤ ሕፃን ይዘሽ ኬላ ላይ እንድትውዪ አትፈልግም። ረመዳን ሊገባ ነው፤ እዚያው ባለሽበት ሰደቃ አውጪለት፣ ዱዓም አድርጊለት። ዒልሚ እንዳይተውሽ፣ እናት ዳሃቦም እንዲይዙሽ አደራ ብያለሁ። በድሩ አንቺን ባቡር ጣቢያ ሲሸኝ ባቡሩ ከዓይኑ እስኪጠፋ አብሮት ሮጦ አንዱ ጫማው ሐዲዱ ላይ ቀርቶበት በአንድ እግር ጫማ እንደተመለሰ አልነገርንሽም ነበር። እማ ትናንት እሱን አንስታ ሳቀች፣ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። እንዲህ ነው የምንውለው።

እንግዲህ ለዒልሚ የወንድምነት ሰላምታዬ ይድረሰው። እናት ዳሃቦን እጃቸውን ስሜያለሁ። ሃሺን ሁለት ጉንጮቹን ሳሚልኝ፤ አጎቱ እንደማይረሳው ንገሪው። ከዚህ ሰላም የሚሉሽ እማ፣ ሼህ ኑርቶ፣ ቀመርና እናቱ፣ ሳታውቂያቸው የሚያውቁሽ ጋሽ ወልደ ማርያምና እትዬ አስካለማርያም፣ እኔም ነን። እስካሁን በላክሁልሽ ደብዳቤዎች ሁሉ ከእኛ ስም ቀጥሎ «በድሩም ባለበት ሆኖ» እል ነበር። ይህን ስጨርስ እማ አጠገቤ ተቀምጣ የጻፍኳቸውን ስሞች እንዳነብላት ጠየቀችኝ። ሳልጮህ፣ አንድ በአንድ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «ልክ ነው፣ ላከው» አለች።

ወንድምሽ ሸረፈዲን
ድሬዳዋ፣ ግንቦት 4 ቀን 1977 ዓ.ም.